ቅዳሴ የናፈቃት አጥቢያ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንድ ገጽ ለመሙላት ሳምንት ይፈጅብኛል። ስለ መጨረሻዎቹ የሕመሙ ወራት ልጽፍ እቀመጥና ሳላስበው ከኩልፎ ወንዝ ማዶ ስላለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስጽፍ ራሴን አገኘዋለሁ። እንግዲህ እጄ የመረጠውን ይጻፍ።

አጥቢያችን በሙዝ አትክልቱ መካከል ያለች፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ትንሽ ቤት ነበረች። ባጃጅ ከተማውን መሙላት ሲጀምር ሰው ሁሉ እየተሳፈረ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል ወዳሉት ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ሄደ። የቀረነው ሩቅ መሄድ የማይችሉ አሮጊቶች፣ ጥቂት የአትክልት ሠራተኞችና እኛ ባልና ሚስቱ ጡረተኛ መምህራን ነበርን። እሱ በወጣትነቱ ከሰሜን ለማስተማር መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። እኔ ጨንቻ ተወልጄ ለሥራ ወደ ቆላው የወረድኩ ነኝ።

ችግራችን የአገልጋይ ነበር። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል። እኛ አንድ አረጋዊ ቄስ፣ አንድ ጎልማሳ ቄስና አንድ ዲያቆን ብቻ ነበሩን። ሁለት ዲያቆናት በመጉደላቸው እሑድ እሑድ ጸሎት አድርሰን፣ ትምህርት ሰምተን እንበተናለን። ቅዳሴ የምናየው በዓመት አንዴ፣ ለንግሥ፣ አገልጋዮች ከከተማ ተለምነው ሲመጡ ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክህነት መልእክተኛ መጣና ቁርጡን ነገረን። እስከ ንግሡ ድረስ የእሑድ ቅዳሴ ካልጀመርን ታቦቱ በዚያው በንግሡ ዕለት ወደ ከተማ ይሄዳል፤ አይመለስም። ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ስንመለስ ባለቤቴ ድልድዩ ላይ ቆም አለና፣ “ዩኒቨርሲቲው!” አለ።

“ዩኒቨርሲቲው ምን ሆነ?”

“ከጎጃምና ከጎንደር ከሚመጣው ተማሪ ስንቱ ዲያቆን መሰለሽ? ሲሚንቶና ብረት ሲያሰላ ቢውል ክህነቱ የት ይሄዳል?”

“አንተ ደግሞ! ፈተና ያለበትን ልጅ ታስቸግራለህ?”

“ፈተና ያለበት ልጅ አይደል እንዴ ቤተ ክርስቲያን የሚሮጠው?”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ጥላውን ይዞ ዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ይቆም ጀመር። ክር በአንገቱ ያሰረ ተማሪ ባለፈ ቁጥር፣ “ልጄ፣ ዲያቆን ነህ?” ይላል። ሁለት አገኘ። አንደኛው መስኖ፣ ሌላው የሕንፃ ምሕንድስና የሚማሩ ናቸው። የዚያን ዕለት ማታ ደስታው ራት አላስበላ አለው።

ልጆቹ በመጡበት እሑድ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ለብሰው ከበሩ እስከ መንገዱ ተሰልፈው ጠበቋቸው። አንድ ነገር ግን ማናችንም አላሰብንም ነበር። የእሑድ ቅዳሴ ከቀረብን ብዙ ዓመት ስለሆነ ጾሞ መምጣትን ረስተነዋል። ሁሉም ቁርሱን በልቶ ነው የሚመጣው። በጋሞ ደግሞ እንግዳ ደጅህ ደርሶ ምንም ሳይቀምስ ካለፈ ነውሩ የባለቤቱ ነው።

ከሰልፉ ፊት ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘ አንዲት እኩያዬ ሴት ቆማ ነበር። የመስኖው ተማሪ አንገቱን ደፍቶ አለፋት። የሕንፃው ተማሪ ግን ጨዋ ነውና እጅ ሊነሣ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል የተላጠ ሙዝ እንደ ጉርሻ አፉ ውስጥ ገባ።

ልጁ ጉንጩ አብጦ ደረቀ። እንዳይተፋው የቆመው እናት ፊት ነው። እንዳይውጠው ዲያቆን ነው።

አረጋዊው ቄስ ከበሩ ላይ አዩት። “ልጄ፣ አፍህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?”

ጉሮሮው ወጣ ገባ አለ። “ሙዝ ነው፣ አባ።”

“ዋጥከው?”

“ዋጥኩት።”

“በል እንግዲህ፣ ለነፍስህም ለሥጋህም ይሁንልህ። ዛሬ ቅዳሴ የለም።”

“አንዲት ሙዝ ምን አጠፋች?” አለች ሴትዮዋ። “ልጁ ከስንት አገር መጥቶ ሆዱ ባዶ ይቁም?”

“አዎን፣ ባዶ ይቁም። አንቺም ባዶ መቆም ነበረብሽ።”

“እኔማ በልቼ ነው የመጣሁት!”

“እሱን ከጉንጭሽ አይቼዋለሁ” አሉ ቄሱ። ሰው ሳቀ። እሷ ግን ያን ጊዜ ነው የገባት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ቤቷ ገባች።

ባለቤቴ እስከ ቤት ድረስ ሲስቅ እኔ ተናደድኩ። ከንግሡ በፊት የቀረን አንድ እሑድ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ደግሞ የሕንፃው ተማሪ በጓደኛው በኩል፣ “መሳቂያ ሆኛለሁ፤ ከእንግዲህ አልመጣም” ብሎ ላከ። ሌላ ዲያቆን ለመፈለግ ጊዜ የለም። ባለቤቴም ሳቁን አቆመ።

ወሬውን ስትሰማ ሴትዮዋ ገና በጠዋት ቤታችን መጣች። “ትምህርት ቤቱን አሳዩኝ” አለች። ሦስታችን በባጃጅ ሄድን። ከግቢው በር ላይ ጥበቃው አስቆማት።

“እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?”

“ያበላሁትን ልጅ።”

“ስሙ ማን ነው?”

“ሳልጠይቀው ነው ያበላሁት!”

ጥበቃው ግራ ገብቶት ባለቤቴን አየ። ባለቤቴ የልጁን ስምና ክፍሉን ነግሮ አስጠራው። ልጁ ካልኩሌተር እንደያዘ መጣና ሲያያት ሊመለስ ዳዳው። ሮጣ እጁን ያዘችው።

“ና ልጄ” አለችው። “እሑድ ና። ምንም አልሰጥህም።”

ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበዳት የማውቀው እኔ ነኝ። በአገራችን እንዲህ የሚባለው ለጠላት ነው። ልጁ ፊቷን አየና ፈገግ አለ።

“ውሃም አይሰጡኝም?”

“ውሃም!”

“ከቅዳሴ በኋላስ፣ እማማ?”

“ያኔ እንተያያለን!”

እሑድ ሴቶቹ እንደገና ተሰለፉ፤ እጃቸውን ግን ነጠላቸው ውስጥ ከተው። አንዷ የሌላዋን እጅ ትጠብቃለች። “እስቲ እጅሽን አውጪ፣ እንየው!” ሲሏት ሴትዮዋ ሁለቱን መዳፎቿን ዘርግታ አሳየቻቸው። ልጁ በመካከላቸው እየሳቀ አልፎ ገባ።

ደወሉ ተደወለ። ከውስጥ የልጁ ድምፅ ሰውን ለጸሎት ሲያስነሣ ቆርቆሮው ራሱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ደወሉን የሰሙ የአትክልት ሠራተኞች እግራቸው ላይ ጭቃ እንዳለ ከሙዙ ውስጥ እየወጡ መጡ። ከሴቶች ወገን ሆኜ ወደ ወንዶቹ ስመለከት የባለቤቴ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ይሳቅ ያልቅስ ጠይቄው አላውቅም።

ቅዳሴው ሲያልቅ የታፈነው ሁሉ ወጣ። ፎሰሴ የምንለው፣ በሽፈራው ቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ድብልብል፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ፓፓያ፣ የሙዝ ዘለላ። ለማየት የመጣውን የቤተ ክህነት መልእክተኛ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ከበቡት። “ይብሉ፣ አሁን ይፈቀዳል!” ይሉታል።

ሴትዮዋ ፊቱ ቆማ፣ “ታቦቱስ?” አለችው።

“ቅዳሴ ካለ ወዴት ይሄዳል?” አለ። እልልታው ኩልፎን ተሻገረ።

በንግሡ ታቦቱ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ዞሮ ወደ መንበሩ ተመለሰ። የእሑዱ ማዕድም አልቀረም። የባጃጅ ሾፌሮች ይመጡ ጀመር፤ አንዳንዱ ለቅዳሴ፣ አንዳንዱ ለፎሰሴ። አረጋዊው ቄስ፣ “ግድ የለም፣ የሁለቱም በር አንድ ነው” ይሉ ነበር። ተማሪዎቹ ሲመረቁ ቦታቸውን ለታናናሾቻቸው እያስረከቡ ሄዱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የጭቃው ግድግዳ ፈርሶ በብሎኬት ተሠራ።

ባለፈው እሑድ ጉልበቴን አሞኝ ዘግይቼ ደረስኩ። ውስጡ ሞልቷል፤ ደጀ ሰላሙም ሞልቷል። እንደምንም መግቢያው ላይ ተጠግቼ ቆምኩ። ልጅ ያዘለች፣ የማላውቃት ወጣት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

“እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ እንጂ፤ መንገድ ዘግተዋል እኮ!”

“እሺ የኔ ልጅ” አልኳትና ተጠጋሁላት። እሷ ስታልፍ ከኋላዋ ሌሎች ደረሱ፤ ለእነሱም ተጠጋሁ። እንዲህ ስጠጋ ስጠጋ አጥሩ ጋ ደረስኩ፤ ባለቤቴ ቢያየኝ እስከ ቤት ድረስ ይስቅ ነበር።