የዳማው ጭራ

ጎባ ውስጥ ጉሉማን የማያውቅ ሰው የለም። ደብዳቤ ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ ሲል ሃያ ዓመት የደፈነ ተላላኪ ነው። መሰንቆ መጫወቱን ግን ከሚስቱና ከልጁ በቀር ማንም አያውቅም። «አዝማሪ» እንዳይሉት ፈርቶ በሩን ዘግቶ ነዋ የሚጫወተው!

በ1964 ክረምት ታዲያ ልጁ ኦብሴ ጉድ አመጣች። አዲስ አበባ የሚማሩት የጎባ ልጆች ለእረፍት ሲመጡ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ የሙዚቃና የሥዕል ትርዒት ሊያሳዩ ተነሡ። አስተዋዋቂዋ ኦብሴ ነበረች፤ እሷም አባቷን ሳትጠይቅ ስሙን ከተጫዋቾቹ ዝርዝር ውስጥ ዶለችው። ጉሉማ ተቆጣ። ውስጥ ውስጡን ግን ደስ ብሎታል። በጓደኞቿ ፊት «አባቴ ናቸው» ስትል መስማት ነው የፈለገው፤ ጭብጨባውማ ትርፍ ነው።

ችግሩ የመሰንቆው ጭራ ማርጀቱ ነበር። የመሰንቆ ጭራ ከድንጉላ ፈረስ እንጂ ከባዝራ አይነቀልም። ባዝራ ሽንቷ ጭራዋን ስለሚያረጥበው ድምፁ ይሞታል ይላሉ፤ ይህን አባቱ ገና በልጅነቱ ነግረውታል። እሱ ግን ማን ያውቅብኛል ብሎ ከጎረቤቱ ባዝራ ነቀለ።

ቅዳሜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ። ተራው ሲደርስ ኦብሴ መድረክ ላይ ወጥታ፣ «አሁን ደግሞ አቶ ጉሉማ በመሰንቆ» አለች።

አቶ ጉሉማ። እንደ ማንኛውም ባዳ።

ቅር እያለው ተቀመጠና ደጋኑን ሳበ። መሰንቆው ጉንፋን እንደያዘው ሰው አንቋረረ። ደግሞ ቢስበው ባሰበት። አዳራሹ በሳቅ ሲሞላ፣ ከሲናና የመጡት ሽማግሌው ፈረሰኛ አቶ ኢዶሳ ከኋላ ሆነው «ባዝራ ናት» አሉ፤ ሰውም ይበልጥ ሳቀ። ጉሉማ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወዶ ከመድረኩ ወረደ።

እሑድ ጧት ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አቶ ኢዶሳ በእንግድነት ያደሩበት ቤት ሄደ። የታወቀው ዳማ ድንጉላ ፈረሳቸው ከአጥሩ ሥር ታስሮ ገለባ ይበላል።

«አካም ቡልተን፣ ጋሽ ኢዶሳ። ከዳማው ጭራ እንዲሰጡኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

«የእኔ ፈረስ ጭራው የሚቆረጠው እኔ ስሞት ነው። ሞቼብሃለሁ?»

«አልቆርጠውም፤ አንድ አንድ እያልኩ ነው የምነቅለው።»

«ወግ ታውቃለህ ማለት ነው። ታዲያ ምን ቆርጦህ ከባዝራ ነቀልክ?»

«ድንጉላ ያለው ሰው ዘንድ ሄጄ ልለምን አፈርኩ። መሰንቆ ትመታለህ እንዴ እንዳይሉኝ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ አገር ሰምቶ ስቆብኛል። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?»

ሽማግሌው ሳቁ። ዳማው ባዳ ከኋላው አያስጠጋም፤ ስለዚህ ራሳቸው ፈረሱን እያባበሉ፣ አንድ አንድ እየነቀሉ ሰጡት።

ከሰዓት በኋላ ጉሉማ አዲሱን ጭራ አስሮ፣ ሙጫ ቀብቶ አዳራሹ ደጃፍ ደረሰ። ኦብሴ እዚያው ቆማለች። ስሜን ሰርዛዋለች ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አልሰረዘችውም።

«አባ፣ ዛሬም ቢያንቋርርስ?» አለችው ቀስ ብላ።

«እኔ እንጃ ልጄ። አልሞከርኩትም።»

ኦብሴ መድረክ ላይ ወጣች።

«ትናንት ያልነገርኳችሁ ነገር አለ» አለች። «አፍሬ ነው። አሁን መሰንቆ የሚጫወቱት አባቴ ናቸው።»

መሰንቆው ገና አልተነካም።

ጉሉማ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ወጣ፤ ደጋኑንም ሳበ። የዳማው ጭራ ጥርት ብሎ ጮኸ፤ የሳቀ የለም። አቶ ኢዶሳ ከኋላ ብድግ ብለው አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው «ፈረሴ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጉሉማ ግን ጭብጨባውን መች ሰማ፤ ገና የልጁን ቃል እየሰማ ነበር።