የኦቦ ከድርን ስልክ የሰማሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ሲጠይቁኝ ተቆጣሁ፣ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ በትንንሹ አልፌያቸዋለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ከንፈር አትምጠጡልኝ። ከንፈር መጣጭ አልወድም።

ሮቤ ውስጥ፣ ከቤቴ ጋር በተያያዘች ሱቅ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ባትሪ፣ ዲናሞ፣ መብራት፣ ቴፕ፣ ሽቦ ያለበት ሁሉ በእጄ ያልፋል። ኦቦ ከድር ጎረቤቴ ናቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ነገር ግን አገር የሚያውቃቸው በሽምግልናቸው ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲካሰስ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነበር። የነገሯቸውን ይዘው ይቀመጣሉ ይባልላቸዋል።

እኔ አንቱ እያልኩ እጠላቸው ነበር። ጎባ ባለው የአባታችን ቤት የተነሳ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተጣልተን ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ዋናው እሳቸው ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው ባለበት «ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ተነስና ታናሽህን ይቅርታ ጠይቅ» አሉኝ። ተነሳሁ፤ ጠየቅኩም። ጥፋቱ የኔ አልነበረም? ነበር እንጂ። የበለጠ የጠላኋቸው እውነት ስለተናገሩ ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ባየኋቸው ቁጥር ጥርሴን እያሳየሁ ሰላም እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ያቺን አሮጌ ዲኤክስ መኪናቸውን ሱቄ በር ላይ አቁመው ገቡ። ወደ ጎሮ ገበያ ሲሄዱ ስልክ እያወሩ ጋሪ ሊገጩ ለጥቂት ተርፈዋል።

«አካም ጅርታ፣ ጎረቤት? እጄ መሪ ላይ ሆኖ የማወራበት ነገር ፈልግልኝ። እኔ እንደሆነ አላውቅበትም። አንተ ይሻላል ያልከኝን ነው የምወስደው» አሉኝ።

አንተ ይሻላል ያልከኝን! ይህን ቃል ከሚጠሉት ሰው አፍ መስማት እንዴት እንደሚጥም ታውቃላችሁ?

ጆሮ ላይ የሚሰካው ነበረ። እሱን ሞክረውት ጆሯቸውን አሳከካቸው። ቴፑን አንስቶ ብሉቱዝ ያለው አዲስ ማስገባትም ይቻል ነበር፤ አባታቸው የሚወዱትን መንዙማ የሚሰሙበት የካሴት ቴፕ ስለሆነ አይነካብኝ አሉ። የፀሐይ መከላከያው ላይ የሚንጠለጠል፣ የራሱ ድምፅ ማጉያና ማይክ ያለው ትንሽ ዕቃም ነበረ። ለዚያ መኪና ትክክለኛው እሱ ነው። ከመኪናው ሬዲዮ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ቻርጅ አድርጎ መስቀል ነው፣ አለቀ። ለሌላ ሰው ቢሆን ሳልጠየቅ የማወርደው እሱን ነበር። መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ቆሜ በጀርባዬ ከለልኩት።

የሰጠኋቸው ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካውን ነው። ይህ ዕቃ የደዋዩን ድምፅ ከስልኩ ይቀበልና እንደ ትንሽ ጣቢያ በኤፍኤም ይለቀዋል፤ የመኪናው ሬዲዮ ይይዘውና በስፒከሩ ያወጣዋል። መጥፎ ዕቃ አይደለም። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይገዛዋል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ችግሩ ያንን ጣቢያ የሚይዘው የመኪናው ሬዲዮ ብቻ አለመሆኑ ነው። አጠገቡ ያለ ሌላ ሬዲዮም እዚያው ላይ ከተደረገ ይይዘዋል። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ኦቦ ከድር ደግሞ መኪናቸውን የሚያቆሙት ከሱቄ ቆርቆሮ ግድግዳ ጀርባ ነው፤ ቤታቸው እንግዳ ስለማያጣ ስልካቸውንም የሚያወሩት መኪናው ውስጥ ገብተው ነው። ይህንንም አውቅ ነበር።

«ወሬው ወደ ውጭ ይሰማል እንዴ? የሰው ገመና ነው የሚነገረኝ» ብለው ጠየቁኝ። በግልጽ ጠየቁኝ። አላስተዋልኩም ብዬ እንኳ ልዋሽ አልችልም።

«ኧረ በፍጹም፣ ኦቦ። መስኮቱን ከዘጉ ምንም አይወጣም» አልኳቸው።

«ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ» ብለው፣ ፈጣሪ ይስጥህ ሲሉ፣ መረቁኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ገና ከበር ሳይወጡ ሱቅ ውስጥ ያለውን ሬዲዮዬን እሳቸው ጣቢያ ላይ አደረግሁት።

ሰማሁ። ያውም ብዙ ጊዜ። የሚሰማኝ የደዋዩ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የኦቦ ከድር መልስ በማይኩ ወደ ስልኩ ስለሚሄድ በሬዲዮ አይወጣም። ስለዚህ የወሬውን ግማሽ እሰማለሁ፣ ሌላውን ግማሽ ራሴ እሞላዋለሁ። በምን የምሞላው ይመስላችኋል? የማን ሚስት ኮብልላ እንደሄደች፣ የማን ልጅ እንደሰረቀ ሁሉ አወቅሁ። ለማንም አልተነፈስኩም። ይህን ግን እንደ ጽድቅ እንዳትቆጥሩልኝ። የምጠብቀው የሰውን ወሬ አልነበረም። እሳቸው የሚዋረዱበትን ነገር ነበር የምጠብቀው።

አንድ ከሰዓት በኋላ የመጣው ድምፅ የልጄ የሰናይት ነበር።

«ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ከመጡልን አባቴ አይጨክንም። ሰው ፊት እምቢ ማለት አይችልም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል» አለች። ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ አንገቱ የምትባለው ከተማ ሰው ነው፤ ቡና ይነግዳል፤ አጎቱ ለሽምግልና ከአንገቱ ይመጣሉ፤ ቅዳሜ ነው። «እባክዎ ቀድሞ እንዳይሰማ። እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት» አለች። ከዚያ መልሳቸውን አዳመጠችና ሳቀች።

ምን ብለው አሳቋት? እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን አውቃለሁ ብዬ ነበር። በእኔ ነው የሳቁት አልኩ። ሰው ፊት ተነስቼ ይቅርታ እንዴት እንደጠየቅኩ ነግረዋት ነው አልኩ። ዲናሞ ፈትቼ ነበር፤ ብሎኑ የት እንደወደቀ ሳላይ ሱቄን ዘጋሁ።

ልጁን አልጠላሁትም። አላውቀውም፤ እንዴት እጠላዋለሁ? ጥያቄው በሌላ ሰው አፍ ቢመጣ ደስ ብሎኝ እሰጥ ነበር። ልጄ ግን ከሰው ሁሉ መርጣ የላከችብኝ እሳቸውን ነው።

ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጃንጥላ ይዘው መጡ፤ የልጁ አጎት የሳነቴን ደጋ አቋርጠው በአውቶቡስ ስለመጡ ብርዱ ፊታቸውን አጥቁሮታል። ሽማግሌ ቤት ገብቶ ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፤ ሲፈቀድለት ይቀመጣል። እኔ ግን አላስገባኋቸውም። አጥሩ በር ላይ ቆምኩና አፋቸውን ሳይከፍቱ እንዲህ አልኩ፦

«ልጄን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት። ሰው ፊት እምቢ ማለት አይችልም፣ ይሉኝታ ይይዘዋል ተብላችሁ ነው አይደል? አልያዘኝም!» ወደ ኦቦ ከድር ዞርኩ። «አንተ ደግሞ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

አንተ አልኳቸው። አባቴ የሚሆኑትን ሰው፣ እንግዳቸው ፊት፣ አንተ አልኳቸው። ደስ አለኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰናይት ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የራሷን ቃል፣ አንድም ሳይጎድል፣ ከእኔ አፍ ሰማችው። ኦቦ ከድር እኔን ትተው እሷን አይዋት። «ወላሂ አልነገርኩትም፣ ልጄ። ወላሂ» አሉ። እሷ ግን መጋረጃውን ለቀቀችና ገባች።

እስኪመሽ አልጠበቀችም፤ ሽማግሌዎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ «እሳቸው ናቸው የነገሩህ?» አለችኝ።

«ታዲያ ማን ይነግረኛል?» አልኳት።

ይኸው ነው ኃጢአቴ። ማዳመጤ ነውር ነው፤ ሽማግሌ መመለሴ ነውር ነው። ይህች ቃል ግን ሰው በቁሙ ገደለች። ታዲያ ማን ይነግረኛል? ሬዲዮው እኮ ነው የነገረኝ! እኔ የመረጥኩት፣ እኔ የገጠምኩት፣ እኔ አይሰማም ብዬ የማልኩለት ዕቃ ነው የነገረኝ!

ሰናይት ሳንመርቃት አንገቱ ሄዳ ተዳረች። የልጁም ዘመዶች የሆነውን በየደረሱበት አወሩት። ከድር አፉ አይያዝም ተባለ። የተጣላ ሁሉ ሌላ ሽማግሌ ፈለገ። እኔ ከልጄ ጋር ታረቅሁ፤ ስትወልድ ልጄን ሳሙልኝ ብላ አስጠራችን፤ አባት ነው፣ ይቆጣል፣ ይበርድለታል አለች። ይቅርታ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አላገኙም። እሳቸው ምን አደረጉ?

ዘንድሮ ዲኤክሷን አቁመው ሱቄ ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። እንደማያውቁት ባለ ሱቅ አንቱ አሉኝ፤ ያ ወጋኝ።

«ያንን የስልክ ዕቃ ይንቀሉልኝ። የሚደውልልኝ ሰው የለም፤ ቦታ ይዞብኛል» አሉ።

ነቀልኩት። እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ። ያኔ ብናገር ምን ነበረበት? ሱቅ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም። «ሌላ የሚሠራ ነገር አለ?» ብቻ አልኳቸው። የለም አሉና ሄዱ።

ትናንት ሰናይት ልጇን ይዛ ከአንገቱ መጣች። መናኸሪያ ሄጄ ሻንጣዋን ተሸክሜላት ስንመጣ ኦቦ ከድር ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋት በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ።

«ሰናይት፣ እንኳን መጣሽ። ልጁ አደገ እንዴ? እስቲ ልየው» አሉ።

ነጠላዋን በሕፃኑ ፊት ላይ ጣለችና ዞራ ሳታያቸው አለፈች። እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። እኔ ከኋላ ሻንጣውን ይዤ ቆሜ አየሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔም ልነግራችሁ የፈራሁት ይህንን ነው፦ ደስ አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሽማግሌው ሰው እንደዚያ ቆመው ሳያቸው፣ ያው የድሮው ደስታ መጣብኝ።

እንግዲህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በደልኳችሁ? የበደልኳቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እዚሁ ጓዳ ውስጥ ልጇን እያጠበች ነው፤ ድምፅዋ ይሰማኛል። አንዱ ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ ናቸው። ብጣራ ሁለቱም ይሰሙኛል። እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ ለእናንተ እናገራለሁ።