የታሸው ግራ ክንዴ

ነገሩ የጀመረው በኮቪድ ጊዜ፣ አንድ እሑድ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ቶኮዛ ባለችው ሱቃችን የበቆሎ ዱቄት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ስሰቅል ቀኝ ክንዴን ከፊት በኩል ውግት አደረገኝ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ክትባት ተወግቼ ነበር፤ ግራውን።

እናቴ በመስኮቱ ለደንበኛ ዳቦ እያቀበለች ነበር። ፊቴን አይታ ዳቦውን እንደያዘች፣ “ክትባቱ ነው! እኔ ነገ አልሄድም!” አለች።

እናቴ ስኳር አለባት። የነገውን የክትባት ቀጠሮ እንድትይዝ ሁለት ወር ለምኛታለሁ።

የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነኝ። ላይኛው ክንድ አንድ አጥንት ብቻ እንዳለው፣ ከፊት የሚያጥፈው፣ ከኋላ የሚዘረጋው፣ ትከሻ ላይ እንደ ቆብ የተደፋው ጡንቻ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ክትባቱ ቆቡ ላይ ነው፤ ዱቄቱ የሳበብኝ የፊተኛውን ነው። ማወቁ አላስቸገረኝም፤ መናገሩ ነው።

አፌን ሳልከፍት እናቴ ጎረቤታችንን ጠራች። ከስልጤ የመጡ የብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው፤ የሰፈሩን ሐበሻ ወለምታ ሁሉ የሚያሹት እሳቸው ናቸው። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ቫዝሊን ይዘው መጡ።

“የተወጋሽው የትኛውን ነው?”

“ግራውን” አልኩ። እውነት ነዋ።

ያዙትና ያሹት ጀመር። ደህናው ክንዴ መታመም ጀመረ። ሥራቸውን ትተው የመጡ ሽማግሌ እንዴት “ተሳስተዋል” ይባላሉ?

“ይኸው! መርዙ እዚህ ተቋጥሯል” አሉ።

ቋጠሮ ያሉት ጡንቻው አጥንቱ ላይ የሚያርፍበት ጉብታ ነበር። ሁሉም ሰው አለው። እሳቸውም አላቸው።

እናቴ የቀጠሮ ወረቀቷን አውጥታ ልትቀደው ስትል ጮህኩ፦ “እማዬ፣ ያመመኝ ቀኙ ነው! ዱቄት ሳነሳ ነው!”



“ታዲያ እስካሁን ምነው?” አሉ ጎረቤታችን።

“አፍሬ ነው፣ ጋሼ።”

“አፍራ ልትሞት ነበር እኮ ይቺ ልጅ!” አለች እናቴ፤ ወረቀቱን ግን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

“በይ ቀኙን አምጪ፤ መጥቼማ እንዲሁ አልመለስም” አሉ። እሱንም መከልከል አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ክንዶቼ አልነሳ እንዳሉኝ እናቴን ይዤ የክትባት ሰልፍ ያዝኩ። ነርሷ የትኛውን ክንድ እንደምትወጋት ስትጠይቅ፣ ማንም ሳይቀድመኝ “ግራውን!” አልኩ፤ አዳራሹ ሁሉ እስኪዞር። የእማዬ ቀኝ ዳቦ ያቀብላል።