ጫሞ ላይ መረብ የቆረጥኩ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። እኛ በምንኖርበት ዓለም ባንክ ሰፈር የመብራት መጥፋት ወሬ አይደለም። ከጎናችን ያለው ጸጉር ቤት ጄኔሬተሩን ወደ በረንዳ ያወጣል፤ ባለቤቱ ሸሚዙን ይሰበስብና ገመዱን ይስባል። ሞተሩ ጠጠጠጥ ብሎ ይሞታል። ደግሞ ይስባል፣ ደግሞ ይሞታል። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ሦስተኛውን ሲስብ ቢላዋው ከእጄ ወደቀ፤ ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላኝ ሴት፣ በገዛ ቤቴ ደጃፍ፣ በአቅራቢያው ወንዝ እንኳን በሌለበት ሰፈር፣ ውሃ ሊበላኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ልጆቼ ነገሩን ለምደውታል። “እማዬ ጄኔሬተር ትፈራለች” እያሉ ይስቁብኛል። ከየት እንደመጣ ግን በቅጡ ነግሬያቸው አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሉቃስን ያገባሁት በጥር ነው፤ ይሄ የሆነው የካቲት ማለቂያ ላይ። አባቱ ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ሉቃስ ውስጥ ይሸጣል፣ እኔ የሱቁ በረንዳ ላይ በእግር ስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የምንኖረው እዚያው ጊቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነበር። ከአማቾቼ መኝታ ቤት የሚለየን የኮምፔልሳቶ ግድግዳ ብቻ ስለነበር እኔ ሳስነጥስ አማቴ ከማዶ ሆነው “ይማርሽ” ይሉኛል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሙሽሮች ምን ሊነጋገሩ ይችላሉ? ሉቃስ ደግሞ በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ቁመቱ ሰው የሚያስደነግጥ፣ ቃል ግን ከአፉ የማይወጣ ሰው። እውነቱን ለመናገር፣ ያገባሁትን ሰው አላውቀውም ነበር።

የጉዞው ሐሳብ የሱ ነው። ቤተሰቡ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ኮልፌ ተወልዶ ኮልፌ ያደገ በመሆኑ የአባቱን አገር የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነበር። አርባ ምንጭ አክስት አለችው። ነጭ ሳር ፓርክን አይተን፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሄደን አዞና ጉማሬ አይተን እንምጣ አለ። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ሙሽራ ይዞ አውሬ ለማየት መሄድ የሚባል ነገር አልተለመደም። አማቴ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው “ለዚህ ነው እስከዚያ ድረስ የምትሄዱት? እዚህ ማዞሪያው ላይ ካሉት መጠጥ ቤቶች ሲወጣ የሚያመሸው አውሬ አነሳችሁ?” አሉ።

መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ። አቧራው በተዘጋው መስኮት እንኳን ይገባ ነበር። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ሴቶች የሙዝ ዘለላ በመስኮት ያቀብሉናል፤ ጭናችን ላይ የሙዝ ልጣጭ ተቆለለ። ሶዶ ቤርጎ ይዘን ስናድር ሉቃስ ልጅ ሳለ የሜዳ አህያ ማለት አንድ ሰው በኖራ የቀባው አህያ ይመስለው እንደነበር ነገረኝና ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ምሽት አርባ ምንጭ ገባን፤ አክስቱ እትዬ አልማዝ በእልልታ ተቀበሉን። ጠዋት በኪራይ መኪና፣ ጠመንጃ ከያዘ የፓርክ ጠባቂ ጋር፣ በአባያና በጫሞ መሃል ባለው ድንጋያማ መንገድ እየተንገጫገጭን ወደ ነጭ ሳር ወጣን። ስሙ እውነት ነው፤ በበጋ ሳሩ የበሰለ ጤፍ መስሎ እስከ ተራራው ግርጌ ይተኛል። የሜዳ አህያዎቹ እዚያ ነበሩ፤ ሠላሳ፣ አርባ ይሆናሉ። ሉቃስ ከመኪና ወርዶ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። በድንገት ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሩ። ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና በቀስታ “ግቡ” አለን። ገባን። ምንም ነገር አልመጣም። ያ ሳር ውስጥ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ ጫሞ የሄድነው በሚቀጥለው ቀን ነው። ባለጀልባው ጋሽ ጳውሎስ “በጠዋት ኑ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል” ብለውን ነበር። እትዬ አልማዝ ግን የሽፈራው ቅጠል ቅቅል በበቆሎ ቂጣ ሳንበላ፣ ደግሞ ማንጎ ሳንጨምር አልለቅም አሉ፤ ስንደርስ ረፍዷል። ጋሽ ጳውሎስ ሰማዩን አዩ፣ እኛን አዩ። “እሺ፣ ቶሎ ደርሰን ቶሎ እንመለሳለን” አሉ። ጀልባዋ ጠባብ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ከኋላዋ አሮጌ ሞተር ተንጠልጥሏል።

መጀመሪያ ጉማሬዎቹን አየን። ጆሮና አፍንጫ ብቻ ናቸው፤ እፍፍ ይሉና ውሃ ይረጫሉ። ሉቃስ እጄን ያዘ። ከዚያ አዞ ገበያ ወደሚሉት ዳርቻ ተጠጋን። እንጨት የመሰለኝ ሁሉ አዞ ነበር። አንዳንዱ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ አፉ ውስጥ ወፍ ቢገባ እንኳን የሚነቃ አይመስልም። ፍርሃቴን ለማስታገስ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አንድ ናቸው።

“በቃን፣ እንመለስ” አልኩ።

ጋሽ ጳውሎስ ጀልባዋን ሲያዞሩ ሞተሩ አንዴ ጮኸ፣ እንደሚታነቅ ሰው አለና ቀጥ አለ። ገመዱን ሳቡ። ጠጠጠጥ፣ ዝም። ደግሞ ሳቡ። ጎንበስ ብለው ከኋላ አዩና “መረብ ነው” አሉ። ከአጥማጆች ተበጥሶ ሲንሳፈፍ የነበረ መረብ ሞተሩ ስር ያለው ማሽከርከሪያ ላይ እንደ ልቃቂት ተጠምጥሟል። ሞተሩን ወደ ላይ ሊያጥፉት ታገሉ፤ ማጠፊያው ዝጎ እምቢ አለ።

ነፋሱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ቡናማው ውሃ ተጨማደደ፣ ከዚያ ተነሳ። ጀልባዋ ቀስ እያለች ወደ ዳር መንሸራተት ጀመረች። ወደ እነሱ።

ሉቃስ መቅዘፊያውን አንስቶ ውሃውን መታው። ጀልባዋ አጋደለች፤ ውሃ በጎን ገብቶ ጫማችንን አራሰው።

“ቁጭ በል! ልትገለብጠን ነው!” ጋሽ ጳውሎስ መቅዘፊያውን ነጥቀው ከፊት ቆሙና ጀልባዋን ከዳር እያሸሹ መያዝ ጀመሩ። “እኔ ይቺን ከለቀቅኩ አለቀልን። አንዳችሁ መረቡን ቁረጡ።”

ሉቃስ ከሽማግሌው ቢላዋ ተቀብሎ ወደ ኋላ ሄደ። በሱ ክብደት የጀልባዋ ጭራ ዘቀጠ፤ ውሃው ሊገባ ጣት ሲቀረው ሽማግሌው “ተመለስ!” ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ አንቺ ቀላል ነሽ።”

“እሷ ውሃ ውስጥ አትገባም” አለ ሉቃስ።

“አትገባም። ተኝታ እጇን ትሰዳለች። አንተ መሃል ሆነህ እግሯን ያዝ።”

“ክር አውቃለሁ” አልኩ። እንዴት አድርጌ ይሄን እንዳልኩ አላውቅም። ቢላዋውን ከሉቃስ እጅ ወሰድኩ።

በደረቴ ተኛሁ። እንጨቱ ዓሣና ቤንዚን ይሸታል። እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ፣ አልደረሰም፤ እስከ ትከሻዬ ሰደድኩ። ውሃው ለብ ያለ መሆኑ ይበልጥ አስፈራኝ። ደፍርሶ ስለነበር ከክርኔ በታች እጄ አይታይም፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል በዳበሳ ነው የማንቀሳቅሰው። ናይሎኑ ተጠላልፎ ጠብቋል። ስፌት መኪና ላይ ክር ሲጠላለፍ የሚጎትት ሰው ይብስበታል፤ ስለዚህ አንድ አንዱን ዙር በጣቴ እየፈለግኩ መቁረጥ ያዝኩ። ሦስተኛው ላይ ቢላዋው አንሸራተተኝና ጣቴን ቆረጠኝ። ደሜ ውሃ ውስጥ መግባቱን ሳስብ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እያለቀስኩ ግን እቆርጣለሁ።

በብብቴ ስር ወደ ኋላ ሳይ ሉቃስ ዓይኑን ጨፍኗል። ያ ግዙፍ ሰው ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ይጸልያል።

“ዓይንህን ግለጥ!” ብዬ ጮህኩበት። ባሌን ሳዝዘው የመጀመሪያዬ ነበር።

“ከገለጥኩ እፈራለሁ።”

“ፍራ! ግን ግለጥ!”

ገለጠ። እኔ ቀና ብዬ ዳርቻውን አየሁ። ቆጠርኩ። ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠኝ። ሁለቱ የት እንደሄዱ መጠየቅ አልፈለግኩም። ፊቴን ወደ እንጨቱ ደፋሁና ቀጠልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ሉቃስ ቁርጭምጭሚቴን የያዘበት እጁ ጠበቀ። አጥንቴ የሚሰበር መሰለኝ።

“ስንት ቀረሽ?” አለ። ድምፁ የተለየ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ስንት ሜትር ልቁረጥልሽ ብሎ ደንበኛ የሚጠይቅ ይመስላል።

“አንድ ዙር።”

“ቁረጪው። አትቸኩይ። ቀስ ብለሽ ቁረጪው።”

ያ እርጋታው ወደ እጄ መጣ። ዙሩን አገኘሁት፣ ቢላዋውን ከስሩ አስገባሁ፣ ቆረጥኩት። “ተበጠሰ!” ከማለቴ ሉቃስ በእግሬ ጎትቶ መሃል ጀልባ ላይ ጣለኝ፤ አገጬ ከእንጨቱ ተላተመ። ከበስተኋላዬ ውሃው ቧ! ሲል ሰማሁ። ጋሽ ጳውሎስ መቅዘፊያውን ጥለው ገመዱን ሳቡ። ሞተሩ ሞተ። ሳቡ። ሞተ። በእነዚያ ሁለት ትንፋሾች መሃል እናቴን፣ አምላኬን፣ ሁሉንም ጠራሁ። ሦስተኛው ላይ ተነሳ።

ወደብ ስንደርስ የቆሰለ ጣቴን በነጠላዬ ጫፍ ጠቀለልኩት። ጋሽ ጳውሎስ ጭቃው ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሲነሱ ሉቃስን ትከሻውን ያዙትና “ቻልከው” አሉት። እግሬን መያዙን ማለታቸው መሰለኝ።

እትዬ አልማዝ ዓሣ ጠብሰው ይጠብቁን ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሉቃስ ተከትሎኝ መጣና ማንጎው ስር ቆመ።

“አይቼዋለሁ” አለ።

“ምኑን?”

“አንዱ አዞ ወደ አንቺ ሲመጣ። ዓይኑንና አፍንጫውን አየሁት። ጋሽ ጳውሎስም አይተዋል። እኔ ግን አልነገርኩሽም።”

“ስንት ቀረሽ ያልከኝ...”

“ያን ጊዜ ነው። ብጎትትሽ ኖሮ እጅሽን ወደ ውሃው መልሰሽ አትሰጂም ነበር። ማንም አይሰድም። ጀልባዋ ደግሞ ዳር ልትደርስ ነበር።”

“ምን ያህል ሩቅ ነበር?”

መሬት መሬት አየ። “ሩቅ ነበር” አለ።

አላመንኩትም። ቁርጭምጭሚቴን ሳየው የጣቶቹ ምልክት ሰማያዊ ሆኖ ታትሟል። በኔ ሕይወት ቆመረ፤ ሊያውም ሳይጠይቀኝ። ሁለቱን የመመለሻ ቀኖች አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። የትኛው እንደሚያስፈራኝ አላውቅም ነበር፤ አዞው ወይስ ያን ሁሉ እያየ በዚያ ድምፅ ያናገረኝ ሰው።

አዲስ አበባ ገብተን ጦር ኃይሎች ስንወርድ አካባቢው በሰውና በመኪና ተጨናንቋል። መንገድ ልንሻገር ስንል ሉቃስ እጄን ያዘ፤ በዚያ ዘመን፣ በሰው ፊት። አልነጠቅኩትም።

“ቢፈጥን ኖሮስ?” አልኩት። ለሁለት ቀን ሳመላልሰው የነበረ ጥያቄ ነው።

“አብሬሽ እገባ ነበር።”

“ዋና ትችላለህ?”

“አልችልም።”

የታክሲ ረዳቶች “ኮልፌ! ኮልፌ!” እያሉ በሚጮሁበት መሃል ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅ መጣብኝ። እሱ ግራ ተጋብቶ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ኮልፌ ደርሰን ለሰው የነገርነው የሜዳ አህያዎቹን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ምናምን ዓመት አለፈ። ሉቃስ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ዝምታው ግን አሁንም ያው ነው። በየጥቂት ዓመቱ “ምን ያህል ሩቅ ነበር?” እለዋለሁ። ሁልጊዜም “ሩቅ ነበር” ይለኛል። ልጆች ወልደናል፣ አማቾቼን ቀብረናል፤ እሱ አይቶ ለኔ ያልነገረኝ፣ እኔም አይቼ ለሱ ያልነገርኩት ብዙ ነገር በዚህ ቤት አልፏል። የመጀመሪያ ልጃችን ታማ ሐኪም ቤት በተኛች ጊዜ ሐኪሙ ለኔ ብቻ የነገረኝን ይዤ ገባሁና “ደህና ናት፣ ምሳህን ብላ” አልኩት። ድምፄን ሰማሁት፤ የረጋ ነበር። ልጅቷ ዳነች። ያኔ ስለ ጫሞ የነበረኝ ቂም የሆነ ቦታ ላይ ላላ፤ ሁሉም ግን አለቀ አልልም።

ባለፈው ቅዳሜ ጄኔሬተሩ ሲሳብ ሉቃስ ላብ በላብ ሆኜ ሲያየኝ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ያውቃል።

“ማርታ፣ ያን ነገር... እውነቱን ልንገርሽ?”

ሠላሳ ዓመት የጠየቅኩት መልስ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። እጁን ሲያነሳ አየሁ፤ ርቀቱን ሊለካልኝ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ብቻውን የተሸከመው ነገር ሁለቱ መዳፎቹ መሃል ሊታየኝ ነው።

እጆቹን ያዝኩና ጭኑ ላይ መለስኳቸው።

“ሩቅ ነበር” አልኩት።