ከልብ ወለድ የወጣ መርዶ

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ጳጉሜን ነው። ይኸው ኅዳር ገባ፤ እኔ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር እስካሁን ላብ ያጠምቀኛል።

የምኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ፣ ከአራት ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ፊደል ቆጥሬ ፈረንሳይኛም ስለተማርኩ የግቢው ደብዳቤ አንባቢ እኔው ነኝ። በዚያ ሰሞን ድሮ በፈረንጅ አገር ስለዘመቱ ወጣቶች የሚተርክ ልብ ወለድ አግኝቼ፣ በአማርኛ እየመለስኩ ለጎረቤቶቼ አነብላቸው ነበር። የፈረንጁን ስም መያዝ አቃታቸው። እኔ ሞኙ፣ ለዋናው ወጣት የአብሮ አደጌን የይርዳውን ስም ሰጠሁት። ይርዳው የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ አንድ ልጅ ነው፤ ያኔ ወደ ኦጋዴን ከዘመተ ሦስት ወሩ ነበር። እሳቸው ገበያ ስለሚውሉ ንባቤን አንድም ቀን አልሰሙም።

የዚያን ቀን ግን በጊዜ ተመለሱ። «ይርዳው ደረቱን ተመታ፤ እናቴን አደራ ብሎ ሞተ» ብዬ ቀና ስል በሩ ላይ ቆመዋል። ወረቀት ይዣለሁ፣ ሰው ከቦኛል፣ ሴቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። የያዙት እንቅብ ከእጃቸው ወደቀ።

«ተረት ነው፣ የፈረንጅ ነው» ብል ማን ሰምቶኝ! በእኛ አገር መርዶ የያዘ ሰው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪነገር ድረስ እየማለ ይክዳል። ስለዚህ እኔም አድማጮቼም በማልን ቁጥር «አትሸሽጉኝ ልጆቼ» ይሉናል። ፀጉራቸውን ተላጩ፤ ሰፈሩ ግቢውን ሞላው። ከአድማጮቼ አንዷ እንኳ ጥግ ይዛኝ፣ «እውነት ደብዳቤ መጥቶ ደብቀኸን ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ ወታደር «እናቴን! እናቴን!» እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። ይርዳው ነበር! የታመመ አለቃውን በባቡር ይዞ መጥቶ፣ ከግቢያችን ለቅሶ ቢሰማ እናቱ የሞቱ መስሎት ነው። እትዬ ብርቄ አዩትና ተዝለፍልፈው ወደቁ። ለቀስተኛው ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ ሸሸ። እኔ ውሃ ላመጣ ሮጥኩ።

ውሃ ተረጭተው ሲነቁ ፊቱን በሁለት እጃቸው ሲዳብሱ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ሊመለስ ሲል ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘነው። አላለቀሱም። «እንባዬን ጨርሼልሃለሁ፤ እንግዲህ እንዳትሞትብኝ» አሉት።

እኔን ይቅር ብለውኛል። ነገር ግን እሱ ከሄደ ወዲህ ከጣሊያን ጋር ጦርነቱ ተጀምሯል፤ ከግንባር ደብዳቤ ቢመጣ የማነብላቸው እኔ ነኝ። የዚያ በሐሰት የገደልኩት ልጅ እውነተኛ መርዶ ቢመጣ፣ በየትኛው አፌ እነግራቸዋለሁ?