የእማማ ዘይነባ አስታማሚ

ቡታጅራ እንደተመደብኩ የመጀመሪያ ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ የድጋፍ ተቀባዮችን ዝርዝር ማጣራት ነበር። መንግሥት አልጋ ላይ ለዋሉ ሰዎች የሚሰጠውን ድጋፍ የሚቀበለው የሚያስታምማቸው ቤተሰብ ብቻ ነው። እማማ ዘይነባ ቤት ስገባ፣ እኩያዬ የምትሆን ሴት ደግፋ ይዛቸው አጥሚት በማንኪያ ታጠጣቸዋለች።

«ልጃቸው ነሽ?» አልኳት።

«አይደለሁም።»

«እህት? ምራት?»

«ኧረ አይደለሁም» ብላ አቀረቀረች።

እንዲህ እያስታመመች፣ ጎረቤት ናት ብዬ ልሰርዛት ነው? ጨነቀኝ። «ታዲያ ምናቸው ልበልሽ?»

እማማ ዘይነባ አጥሚቱን ዋጥ አድርገው፣ «ጣውንቴ ናት» አሉ። «ባላችን ከሞተ በኋላ ልጆቼ ወልቂጤ ሊወስዱኝ መኪና ይዘው ቢመጡ፣ ‹እኔን ለማን ጥላችሁ?› ብላ፣ ወላሂ፣ መኪናው ፊት ተኛች።»