አለሜና የመሪጌታው ክብሪት ቀፎ

አለሜን ላይ ላዩን ያየ ሰው ገራም ሴት ናት ይላል። ድምጿ ዝግ ያለ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን፣ የላሊበላ ካህን ልጅ። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁና ልንገራችሁ፤ አንዴ «እምቢ» ካለች በሬ ተጠምዶም አይጎትታትም።

ደሴ ተምራ በ1971 ዓ.ም. ወደ ጤና ጣቢያችን የመጣችው የላብራቶሪ ሠራተኛ ሆና ነው። ሽንትም ደምም ትመረምራለች፤ አብዛኛው ሥራዋ ግን ሰገራ ነበር። በእኛ አገር ከአሥር በሽተኛ ሰባቱ ሆዱን ይዞ ነው የሚመጣው። አገሬው «የካህን ልጅ ተምራ ተምራ የዓይነ ምድር ዳኛ ሆና አረፈችው» ብሎ ሳቀባት። እኔም ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ አብሬ ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ማይክሮስኮፗን ወልውላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

መብራት አልነበረንም። ማይክሮስኮፑ ከሥሩ ትንሽ መስታወት አለው፤ መስኮት አጠገብ አድርጋ በዚያች ፀሐይ ትቀበላለች። ደመና ከሆነ እሷም በሽተኛውም ሰማይ ሰማይ እያዩ መጠበቅ ነው። ሰገራው የሚመጣው በባዶ የክብሪት ቀፎ፣ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ነው። ቀፎውን ተቀብዬ ስም የምጽፍበት እኔ ነበርኩ። ጥፋቱም ከዚያው ይጀምራል።

በ1974 ጥቅምት ላይ አንዲት ሴት ከገነተ ማርያም የግማሽ ቀን መንገድ በእግሯ መጣች። ቀፎውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ነው። ደም እያስቀመጣቸው ሁለት ሳምንት ሆናቸው» አለች። መሪጌታን የማያውቅ የለም፤ የዜማ መምህር ናቸው፣ ለአለሜም ፊደል ያስቆጠሯት የአባቷ ወዳጅ። ስማቸውን ጻፍኩ። አለሜ ስትመረምር የወስፋት እንቁላል አገኘች፤ ሴትየዋ የወስፋት መድኃኒት ይዛ ተመለሰች።

በሳምንቱ የመሪጌታ ጎረቤት ቄስ ገብረመስቀል እያለከለኩ ደረሱ። ደሙ አልቆመም፤ መሪጌታ ከመደብ መነሳት አቅቷቸዋል፤ ንስሐ አባታቸው ተጠርተዋል።

አለሜ መዝገቧን ገለጠች። በራሷ እጅ «ደረቅ፣ ደም የሌለው» ብላ ጽፋለች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ይኸ ደም የሚያስቀምጠው ሰው ሰገራ ነው? እንዴት ዝም ብዬ አለፍሁት?» አለች። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞር ብላ «አባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የማን ነው?»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። «የሚስታቸው ነው ልጄ። አፍረው እኮ ነው። ‹ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ ይላል መጽሐፉ፤ የኔን ከምትወስጅ ያንችን ውሰጅ፣ ልዩነት የለውም› አሏት።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

«እንግዲያው የራሳቸውን ይላኩ» አልኩ።

«ግማሽ ቀን በቀፎ ከቆየ የምፈልገው ሞቶ ይደርሳል። በትኩሱ መታየት አለበት። እሳቸው መምጣት ካልቻሉ ማይክሮስኮፑ ይሄዳል።»

የጣቢያው ኃላፊ ጓድ አድማሴ ጮኸ። «የመንግሥት ንብረት ነው! ገደል ቢገባ ማን ይጠየቃል?» እሷ በሩ ላይ ቆመች። እንደቆመች ረፋዱ አለፈ። በመጨረሻ ታክቶት «ከተሰበረ እኔ እጠየቃለሁ» የሚል ወረቀት አቀረበላት፤ ሳታነብ ፈረመች።

በማግስቱ ማለዳ ማይክሮስኮፑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ከእህቷ በተዋሰችው አንቀልባ አዝላ ወጣች። የደም ተቅማጥ መድኃኒቶቹን ይዤ እኔ ተከተልኳት። መንገደኛው ሁሉ «ስንት ወሩ ነው?» ይላታል። «አሥር ዓመቱ ነው፤ መሄድ አይወድም» ትላለች።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። አጥንታቸው ቀርቷል። «አንች የወዳጄ ልጅ፣ ይኸን ልታይብኝ መጣሽ? ተይኝ፤ በክብሬ ልሙት።»

«የኔታ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«እምቢ ብልሽስ?»

«ደጅዎ ላይ እቀመጣለሁ። ግን ፀሐይዋ ከጠለቀች ማየት አልችልም፤ ለነገ ደግሞ መድረስዎን እንጃ።»

እውነቷን ነው፤ ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ማይክሮስኮፑን ድንጋይ ላይ አቆመች። ጥላው እየረዘመ ሄደ፤ እሷ መስታወቱን እያዞረች ፀሐይዋን ትከተላለች። እኔ ፈራሁ። አምርሬ ፈራሁ። ሰውዬው ከሞቱ የተሳሳተውን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ሚስትየው፣ ያኔ ቀፎውን ያመጡልኝ ራሳቸው፣ በገል ይዘው ወጡ። ደም ነበረው።

አለሜ ከገሉ ጫፍ ቅንጣት ወስዳ፣ ስስ መስታወት ላይ በጨው ውሃ ጠብታ በጥብጣ አጎነበሰች። ብዙ ቆየች። «አገኘሁት» አለች፤ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። መሪጌታን ደግፈን አወጣናቸውና በማይክሮስኮፑ አዩ።

«ይንፏቀቃል» አሉ።

«አሜባ ይባላል የኔታ። ደምዎን የሚጨርሰው እሱ ነው።»

«ለዚህ ነው እኔ ያፈርሁት?» አሉና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። መድኃኒቱን እዚያው ከእጇ ዋጡ።

ስንወጣ አለሜ ወደ ሚስትየው ዞረች። «ያ ወስፋት የርስዎ ነበር። ሆድዎን ያምዎታል?»

«መቼ ሳያመኝ ቀርቶ» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል።

ከወር በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ መሪጌታ በእግራቸው መጡ። የክብሪት ቀፎውን መዳፋቸው ላይ ገልጠው ይዘዋል። ሰው እየተነሳ እጅ ይነሳል። «የኔታ፣ ምን ይዘው ነው?» ሲሏቸው ድምጻቸውን ሳይቀንሱ «ሰገራዬን ነዋ! የራሴን» ይላሉ። ሚስታቸው ከጎናቸው ሌላ ቀፎ ይዘዋል።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለቱንም አስቀመጡ። «ይኸ የኔ ነው፤ ያ የሷ። እንዳታቀላቅል» አሉኝ።

የመሪጌታን ካርድ አወጣሁ። ከዚያ አዲስ ካርድ አንስቼ ሴትየዋን «ስምዎ ማን ነው?» አልኳቸው። ልማድ ሆኖ ወደ ባላቸው አዩ። መሪጌታ ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ።

«ይማርሽ» አሉ ሴትየዋ። «ይማርሽ ካሳው።»

ስማቸውን ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ያን ጊዜ፣ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ ሆዳቸውን እያመማቸው ፊቴ ሲቆሙ፣ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።